ሪቮልቨርን የሚያጠቁረው ባሩዱ ነው ወይስ አሞላሉ?

ባሩድ ጠፍቷል፤ ሲገኝም ተወዷል። ከ2020 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የጠመንጃ ሱቅ ገብቶ የለመዱትን ባሩድ መደርደሪያ ላይ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ሆኗል። ከ2022 በኋላ የዩክሬን ጦርነት ሲፋፋም ነገሩ ባሰበት። የባሩድ ዋና ጥሬ ዕቃ ናይትሮሴሉሎስ ነው። እሱን ደግሞ የመድፍ ጥይት ፋብሪካዎችም ይሻሙበታል። ለዒላማ ተኳሹ የሚተርፈው የዚያኑ ያህል አነሰ።

ስለዚህ ጥይታቸውን በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች የለመዱትን ሲያጡ የማያውቁትን ገዝተው ይመለሳሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ደግሞ «ይሄ ባሩድ ንጹሕ ነው?» ብለው ነው። በተለይ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹን በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ፣ ያላቸው። ከተኮሱ በኋላ እጃቸው ጥላሸት፣ ሽጉጣቸው ጥላሸት፣ ሲሊንደሩም አልዞር ሲል ሰለቻቸው።

የጥያቄው መልስ ግን ዕቃው ላይ ተጽፎ አይገኝም። ያው አንዱ ባሩድ በአንዱ ጥይት ውስጥ ጥላሸት ብቻ ሆኖ፣ በሌላው ጥይት ውስጥ ምንም ሳይተርፈው ነድዶ ያልቃል። «ንጹሕ ባሩድ» የሚባለው ነገር ግማሹ የባሩዱ ጠባይ ነው። ግማሹ የተሞላበት ጥይትና አሞላሉ ነው።

ጥይት በቤት ይሞላል እንዴ?

በአሜሪካ አዎ። ለራስ መተኮሻ እስከሆነ ድረስ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም። ሞልቶ መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ የአምራች ፈቃድ ይፈልጋል። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጨርሶ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያውንም ጥይቱንም በመንግሥት ፈቃድ ሥር ያደርጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ከናስ የተሠራው ባዶ ቀፎ ቀለሃ ይባላል። ቀለሃው ቂጥ ላይ ፕራይመር አለ፤ ሲመታ ብልጭ ብሎ ባሩዱን የሚለኩሰው እሱ ነው። መሀል ላይ ባሩዱ። ከፊት ደግሞ ተወርውሮ የሚሄደው አረር። ከአራቱ በዋጋ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ቀለሃው ነው። እሱ ደግሞ ተተኩሶ አያልቅም። አጥቦ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ፕራይመርና ባሩድ ከትቶ፣ አዲስ አረር መግጠም ይቻላል።

ሪቮልቨር ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። አውቶማቲክ ሽጉጥ ቀለሃውን ሣር ውስጥ ይወረውረዋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መልቀም ነው። ሪቮልቨር ግን ቀለሃዎቹን ሲሊንደሩ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ዘንጉን ገፋ ሲያደርጉት ሁሉም መዳፍ ላይ ይወድቃሉ።

ባሩድ የሚነደው እንዴት ነው?

የድሮው ጥቁር ባሩድ ከጨው ፒተር (ከፖታሲየም ናይትሬት)፣ ከከሰልና ከድኝ ይሠራል። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም። ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ነጭ ጭስ ሆኖ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ ግማሹ አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። አባቶቻችን የተኮሱበት ውጅግራም መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ባሩድ ነበር። አንዴ ከተተኮሰ የት እንዳሉ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጭሱ ይናገራል።

በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ይህን ለወጠው። ናይትሮሴሉሎስን አለስልሶ፣ ዳምጦ፣ በቀጭኑ ቆራርጦ ሲያቃጥለው ሁሉም ማለት ይቻላል ጋዝ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለበል የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በዚህ ባሩድ ወጣ። በ1887 ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ናይትሮግሊሰሪን የተቀላቀለበትን የራሱን ዓይነት አስመዘገበ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው «ጭስ አልባ» ባሩድ ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዘር ነው። ስሙ ጭስ አልባ ይሁን እንጂ ጭስ የለውም ማለት አይደለም። ከድሮው ሲነጻጸር ነው።

ጭስ አልባ ባሩድ ቀለሃው ውስጥ የሚነድ እንጂ እንደ ቦምብ የሚፈነዳ አይደለም። እያንዳንዷ ፍሬ ከላይዋ ጀምራ ወደ ውስጥ ትነዳለች። ፍሬዋ ቀጭን ቅጠል ከሆነች ቶሎ ታልቃለች። ወፍራም ኳስ ከሆነችና ላይዋ በሚያዘገይ ቅብ ከተቀባች ትቆያለች። ቶሎ የሚያልቀውን ፈጣን፣ የሚቆየውን ዘገምተኛ ይሉታል።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቁልፍ ያለው። ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት በፍሬው ቅርጽ ብቻ አይወሰንም። በዙሪያው ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥር ባሩዱም በፍጥነት ይነዳል። በፍጥነት ሲነድ ግፊቱ ይበልጥ ይጨምራል። ግፊቱ ካልተነሳ ግን መንደዱም ይዳከማል። የከሰል ምድጃን አስቡ። ገና ሲያያዝ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ፍም ከሆነ በኋላ ግን ያው ከሰል ነው፣ ጭስ የለውም። የተለወጠው ሙቀቱ እንጂ ከሰሉ አይደለም። ባሩድም የሚፈልገው ግፊት ላይ ሳይደርስ ከቀረ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ያልነደዱ ፍሬዎችም ይተርፉታል።

አምራቹ እያንዳንዱን ባሩድ የሚሠራው ለተወሰነ የግፊት ክልል ነው። ከክልሉ በታች ከተጠቀሙበት «ቆሻሻ» ይባላል። ስሙን ያጠፋው ግን አሞላሉ ነው።

ታዲያ ሪቮልቨር ለምን በተለይ ይቆሽሻል?

አንደኛው ነገር ክፍተቱ ነው። በሪቮልቨር ሲሊንደሩና አፈሙዙ የተያያዙ አይደሉም። ሲሊንደሩ እንዲዞር በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ደህና በተሠራ ሽጉጥ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ወረቀት የምታህል ናት። ግን አረሩ እሷን ባለፈ ቁጥር ትኩስ ጋዝ ወደ ጎን ይረጫል። የሲሊንደሩ ግንባር ላይ የሚታዩት ጥቁር ቀለበቶች ከዚያ ይመጣሉ። እነሱን ለማስለቀቅ ሲፈትጉ የሚያመሹ ሰዎች አሉ። ቀለበቶቹ ሽጉጡን አይጎዱትም፤ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። በበኩሌ ጊዜዬን አላጠፋባቸውም።

ሁለተኛው ነገር ግፊቱ ዝቅ ማለቱ ነው። ለአሜሪካ ጥይት አምራቾች መለኪያ የሚያወጣው ሳሚ የተባለው ተቋም ለእያንዳንዱ ጥይት የግፊት ጣሪያ አለው። የሚለካው በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ በሚያርፍ ፓውንድ ነው። የተለመደው 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ 35,000 ድረስ ይሄዳል። .38 ስፔሻል የሚባለው የሪቮልቨር ጥይት ጣሪያው 17,000 ነው። .45 ኮልት ደግሞ 14,000። እነዚህ ጣሪያ ናቸው። ዒላማ ለመምታት ለስለስ ያለ ጥይት የሚሞላ ሰው ከዚህም በታች ይወርዳል። ፍሙ ሳይግል እሳቱን ማጥፋት ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ቀለሃው ባዶ መሆኑ ነው። .45 ኮልት በ1873 ሲወጣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ቀለሃው እስከ 40 ግሬን ባሩድ ይውጣል፤ ግሬን የባሩድ ሰዎች የሚመዝኑበት ጥቃቅን መለኪያ ነው፣ 40 ግሬን ወደ 2.6 ግራም ይሆናል። .38 ስፔሻልም የተወለደው በጥቁር ባሩድ ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ እነዚህን ቀለሃዎች በፈጣን ጭስ አልባ ባሩድ የሚሞላ ሰው ከድሮው ሩብ የማይሞላ ብቻ ይበቃዋል። የቀረው ቦታ አየር ነው።

አየሩ ችግር ያመጣል። ባሩዱ ቀለሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ሽጉጡን ወደ ላይ ቀና አድርገው ቀስ ብለው ቢያወርዱት ባሩዱ ፕራይመሩ ጋ ተከማችቶ ይቀራል፤ ጥሩ ይለኮሳል። ወደ ታች አዘንብለው ቢያነሱት ደግሞ አረሩ ጋ ይሄዳል፤ የፕራይመሩ ብልጭታ አየሩን አቋርጦ መድረስ አለበት። ያው ጥይት፣ ያው ባሩድ፣ ግን ፍጥነቱም ጥላሸቱም ይለያያል። የአረር ፍጥነት መለኪያ ያለው ሰው ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ማየት ይችላል።

ማግነም የሚባሉት ከፍ ያለ ግፊት ያላቸው ጠንካራ ጥይቶች ናቸው። የ.357 ማግነም ሪቮልቨር አጭሩን .38 ስፔሻልም ይተኩሳል፤ እንዲህ የሚተኩሱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማቸዋል። የ.38 ቀለሃ በ3.4 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ጥላሸቱ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ አጭሩ ቀለሃ ካበቃበት ላይ፣ ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል። በኋላ ረጅሙን .357 ሊያጎርሱ ሲሉ አልገባም ይላል። አንዳንዱ ሰው ባሩዱን ይረግማል። በብሩሽ ጠረግ ቢያደርገው ያልቃል።

ጥላሸቱ ምን እያለ ነው?

የተተኮሰ ቀለሃ ይናገራል። ናስ ስስ ነው። ሲተኮስ ይነፋና ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ጥብቅ ብሎ ይለጠፋል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚዘጋው እንደዚያ ነው። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ናሱ በቂ አይነፋም። ጋዙ በጎኑ ሾልኮ ቀለሃውን ከውጭ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ቀለሃው አፉ አካባቢ ብቻ ትንሽ ከጠቆረ የተለመደ ነው። ወደ ታች ወርዶ አንድ ጎኑ በሙሉ ከጠቆረ ግን ባሩዱ የሚፈልገው ግፊት ላይ አልደረሰም ማለት ነው።

ያልነደዱ ፍሬዎችም ሌላ ምልክት ናቸው። ቢጫ ወይም አመድማ ቅንጣቶች ሆነው አፈሙዙ ውስጥና ቀለሃው ውስጥ ይገኛሉ። ከጥላሸቱ ይልቅ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ቀለሃዎቹን ገፍቶ የሚያወጣ ኮከብ የሚመስል ብረት ሲሊንደሩ ኋላ ላይ አለ። ኮከቡ ሲነሳ አንድ ሁለት ፍሬ ሥሩ ከገባ ተመልሶ አይገጥምም። ያኔ ሲሊንደሩ አይዘጋም። ቢዘጋም አይዞርም፣ ቃታው ይከብዳል።

ልምድ ያላቸው ተኳሾች ለዚህ ቀላል ዘዴ አላቸው። ሲሊንደሩን ከፍተው አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቆሙታል። ከዚያ የማስወጫውን ዘንግ በመዳፋቸው አንዴ ጠንከር አድርገው ይመቱታል። ቀለሃዎቹ ፍሬዎቹን ይዘው ወደ ታች ይረግፋሉ። ሽጉጡን ጋደም አድርጎ ቀስ ብሎ የሚገፋው ሰው ግን ፍሬዎቹን ራሱ ኮከቡ ሥር ያስገባቸዋል። ባሩድ ከመቀየር በፊት ይህን መሞከር ነው፤ ወጪ የለውም።

«ባሩድ ጨምሬ ላንጻው?»

ግፊት ሲጨምር ንጹሕ ይነዳል ካልን ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ፦ የአምራቹ መጽሐፍ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ። እያንዳንዱ ባሩድ አምራች ለእያንዳንዱ ጥይት፣ ለእያንዳንዱ የአረር ክብደት መነሻና ጣሪያ ያወጣል። ከጣሪያው በላይ ጥላሸት የለም፤ ሲሊንደር መሰንጠቅ አለ። እዚህ ምንም የምጥን ቁጥር የማልጽፈውም ለዚህ ነው። ቁጥር ከአምራቹ እንጂ ከጽሑፍ ወይም ከጓደኛ አይወሰድም።

ባሩድ ሳይጨምሩ ግፊቱን ወደ ደህናው ክልል የሚያመጡ ነገሮችም አሉ። አንዱ የአረሩ ክብደት ነው። ከበድ ያለ አረር ከቦታው ለመነሳት እምቢ ይላል፤ ባሩዱ ለመጋል ጊዜ ያገኛል። ለዚህ ነው ያው ባሩድ በ.38 ስፔሻል ውስጥ በ158 ግሬን አረር ንጹሕ ሆኖ፣ ክብደቱ ቀለል ባለ አረር የሚቆሽሸው። ሌላው ክሪምፕ የሚባለው ነው፤ የቀለሃው አፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩን ነክሶ ሲይዘው ማለት ነው። ይህ ሪቮልቨር ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። አረሩ ባሩዱ ሳይጋል እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ሽጉጡ ሲረግጥም ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች አረራቸው ወደ ፊት ሾልኮ ሲሊንደሩን እንዳያንቀው ያደርጋል። እነዚህም ቢሆኑ ግፊት ይለውጣሉ። አረር ሲቀየር የአምራቹ መጽሐፍ ገጽም ይቀየራል፣ ምጥኑም ከመነሻው ይጀመራል።

የትኛው ባሩድ ለየትኛው ጥይት?

ለስለስ ላለ የ.38 ስፔሻል ወይም የ.45 ኮልት የዒላማ ጥይት የሚስማሙት ፈጣኖቹ ናቸው። ዝቅ ባለ ግፊትም ይግላሉና። ቡልስአይ በ1898 የወጣ ነው፤ እስካሁን ይሸጣል፤ በዚህ ሥራ የሚያምኑት ብዙ ናቸው። ታይትግሩፕ ሆጅደን በተባለው ኩባንያ ስም የሚሸጥ ነው። ባዶ ቦታ በበዛበት ቀለሃ ውስጥ ባሩዱ የትም ቢተኛ እንዳይቸገር ታስቦ የተሠራ ነው። ከቀላል እስከ መካከለኛ ምጥን በንጽሕና ይታወቃል። ግን ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፤ ሽጉጡ ቶሎ ይግላል። ከፊንላንድ የሚመጣው ቪታቮሪ ኤን 320 በንጽሕና ስሙ የተጠራ ነው፤ በዋጋውም እንደዚያው።

ኤችፒ 38 የሚባለው መሀል ላይ ነው፤ ብዙ ሪቮልቨር ተኳሽ መጀመሪያ የሚገዛው። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያድን ነገር ልንገራችሁ። ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231 አንድ ባሩድ ናቸው። ዕቃው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሚለየው። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ማየት ነው።

ዩኒክ ከ1900 ጀምሮ አለ። «ቆሻሻ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ ነው። በለስላሳ ምጥን እውነት ነው፣ ፍሬ ይተርፈዋል፣ ያጠቁራል። መካከለኛውና ጠንከር ያለው ምጥን ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የተሠራው ለዚያ ነዋ። ቅጠል መሳይ ፍሬው ቀለሃውን ደህና አድርጎ ይሞላል፤ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ለማግነም ጥይቶች ነገሩ ይገለበጣል። .357 ማግነም በ1930ዎቹ፣ .44 ማግነም በ1955 የመጡ ናቸው፤ ጣሪያቸው 35,000 እና 36,000 ነው። እዚያ ግፊቱ አለ፤ ዘገምተኞቹ ያምርባቸዋል። ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296፣ እነሱም አንድ ናቸው፣ በሙሉ ምጥን አጥርተው ይነዳሉ። ብልጭታቸውና ድምፃቸው ግን ጎረቤት ያስደነግጣል። በእነዚህ ላይ «ትንሽ ቀነስ ላድርገው» አይሠራም። ምጥኑ ከአምራቹ ወሰን ከወረደ ባሩዱ በትክክል ላይለኮስ ይችላል፤ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። በዚያ ላይ ሌላ ቢተኮስ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ለስለስ ያለ ማግነም የሚፈልግ ሰው ባሩዱን ይቀይር እንጂ ኤች 110ን አይቀንስ።

ተኩሱ «ጧ» ማለት ሲገባው «ፑፍ» ካለ፣ የትኛውም ባሩድ ይሁን፣ እጅን ከቃታ ማንሳት ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ትንሽ ጠብቆ፣ ሲሊንደሩን ባዶ አድርጎ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን አይቶ ነው መቀጠል። «ደካማ ነበር እንጂ ወጥቷል» ብሎ መገመት ስንቱን ሽጉጥ አስቀድዷል።

ንጹሑ ባሩድ አደገኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የማያስበው እዚህ ጋ ነው። ለለስላሳ ጥይት ንጹሕ የሚነዱት ባሩዶች ፈጣን ናቸው ብለናል። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ታይትግሩፕ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ፈጣንና ጥቅጥቅ ማለት ትንሽ ይበቃል ማለት ነው። ትንሽ ማለት ደግሞ ትልቁ ቀለሃ ውስጥ ሥሩ ላይ ተኝቶ የማይታይ ማለት ነው።

የሚሞላው ሰው ስልክ ጠራው እንበል። ሲመለስ የትኛው ቀለሃ ላይ እንደነበር ረሳ። አንዱን ሁለት ጊዜ ሞላው። በዩኒክ ቢሆን ሁለተኛው ምጥን ባሩዱን ከጎረቤቶቹ በግልጽ ከፍ ያደርገዋል፤ ለሚያይ ሰው ለመለየት ይቀላል። በታይትግሩፕ ግን ሁለት እጥፉም እዚያው ሥሩ ጋ ተኝቶ ዝም ይላል። ሦስት እጥፍ የሚውጥ ቀለሃም አለ። አረሩ ከተገጠመ በኋላ ከውጭ የሚለይበት ነገር የለም። ሲተኮስ ሲሊንደሩና ላይኛው የሽጉጡ ድልድይ ይበተናሉ።

ስለዚህ ምርጫው በጥላሸትና በንጽሕና መካከል ብቻ አይደለም። ንጹሑ ባሩድ ከሚሞላው ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ይወስዳል። ገና ለሚጀምር ሰው እኔ የምመክረው ቀለሃውን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ነው፤ ትንሽ ቢያጠቁርም። ጥላሸት በጨርቅ ይጠረጋል። ትሬይል ቦስ የሚባል፣ ፍሬው መሀሉ የተበሳ ቀለበት የሚመስል ባሩድ ነበር። ለዚሁ ተብሎ ቀለሃ እንዲሞላ የተሠራ ነው። ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሰዉ ሁሉ ይፈልገዋል።

የተለመደው አሠራር ቀለሃዎቹን ባለ ቀዳዳ ጣውላ ላይ ደርድሮ መሙላት ነው። አረር ከመግጠም በፊት በእጅ ባትሪ ከላይ እያበሩ እያንዳንዱን ማየት። የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቱ የተለየ ካለ ወደ ዕቃው መመለስ። ሬዲዮውና ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁኑ።

ጭሱ ሁሉ የባሩድ ነው?

አይደለም። ባሩድ በማያውቀው ኃጢአት ይከሰሳል። ከእርሳስ የተሠራ አረር አፈሙዙ ውስጥ እንዳይለጠፍ ሰም ይቀባል፤ ብዙ ጊዜ የንብ ሰም ያለበት ቅባት ነው። ሲተኮስ ሰሙ ይጨሳል። በተዘጋ የመተኮሻ አዳራሽ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ደመና ብዙው እሱ ነው። እጅ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ቅባትም ሰምና ጥላሸት ተቀላቅሎ ነው። ያንኑ ባሩድ በመዳብ በተሸፈነ ወይም በፕላስቲክ መሰል ቅብ በተቀባ አረር ቢሞክሩት ግማሹ ችግር ይጠፋል። ባሩድ ከመቀየር በፊት ይህን መሞከር ይሻላል።

እርሳስን ካነሳን አይቀር፣ አብዛኛው ፕራይመር ውስጥም የእርሳስ ውህድ አለ። የተተኮሱ ቀለሃዎች በማሽን ሲታጠቡ የሚነሳው አቧራ፣ ሽጉጡ ላይ ያለው ጥላሸት፣ ሁሉም እርሳስ አለበት። ስለዚህ ሥራው ላይ አይበላም፣ አይጠጣም። ሲያበቃ እጅን በሳሙና መታጠብ። የሚሠራበት ክፍል ሕፃናት የሚጫወቱበት ምንጣፍ ያለበት ባይሆን ይመረጣል።

የማላውቀውን ባሩድ ከገዛሁስ?

መጀመሪያ አምራቹ ለእርስዎ ጥይትና ለአረርዎ ክብደት ምጥን አውጥቶለት እንደሆነ ማየት። ከሌለ ቀለሙና ፍሬው የሚያውቁትን ቢመስልም አይጠቀሙበት። ባሩድ በመልክ አይለይም። ካለ ከመነሻው ምጥን ጥቂት ጥይት ብቻ ይሙሉ። ሲተኩሱ ቀለሃውን ከውጭ ይዩ፣ ፍሬ መቅረቱን ይዩ። ከዚያ በመጽሐፉ ወሰን ውስጥ በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረጉ ጥላሸቱ የሚቀንስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ጣሪያው ላይ ደርሶም የሚያጠቁር ከሆነ ያ ባሩድ ለዚያ ጥይት አልተሠራም። ለሌላ ጥይት ያገለግላል፤ ለጓደኛ ይስጡት።

ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይቀመጥ። የተረፈውን ወደ መጣበት ዕቃ መመለስ፤ በሌላ ጠርሙስ ማስቀመጥ አይገባም። ከሌላ ባሩድ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ወይም የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠሩ መጣል ነው። ባሩድ የሚቀመጠው ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ነው። ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ወፍራም የብረት ሣጥን ውስጥ ግን አይደለም። የፋብሪካው ዕቃ ስስ የሆነው እሳት ቢነሳ ቶሎ ተከፍቶ ባሩዱ በግልጽ እንዲነድ ነው። ብረት ሣጥን ውስጥ ግን ግፊቱ መውጫ ስለሚያጣ ፍንዳታ ይሆናል። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ መለኪያ መሠረት በመኖሪያ ቤት በፋብሪካው ዕቃ እንዳለ እስከ 20 ፓውንድ፣ ወደ 9 ኪሎ ግድም ይፈቀዳል፤ የከተማው ደንብ ከዚያ ሊያሳንሰው ይችላል።

በእጥረቱ ምክንያት ከጋራዥ ሽያጭ ወይም ከሟች ሰው ንብረት የቆየ ባሩድ የሚገዙም በዝተዋል። ደህና ባሩድ ሲከፈት እንደ አልኮል ወይም እንደ ኤተር ሽታ አለው። የተበላሸው አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሲድ ሽታ ይሸታል። አንዳንዴም የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ አቧራ ይታይበታል። እንዲህ ያለውን ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ወደ ቤት ማስገባት የለም።